ባጃጁ ጥሎን የሄደ ዕለት

በኛ ጊዜ፣ ልጆቼ... በኛ ጊዜ ስላችሁ የጥንቱ እንዳይመስላችሁ፣ የሰዓት እላፊውን ጊዜ ማለቴ ነው፣ ይቺ የሺ ገና ሳታገባ፣ ሁለት ዓመቱ ነው። አንቺ አትሳቂ እንግዲህ፣ ልጅሽን አጥቢ! ታዲያ ያን ጊዜ ንፋስ መውጫ ላይ ከአሥራ አንድ ተኩል በኋላ ባጃጅ አይታይም፣ ከአሥራ ሁለት በኋላ ሰው አይታይም፣ ዶሮውም እኛም አንድ ላይ ነበር የምንገባው። ሰርጉ በቀን፣ ጠላ ቤቱ በቀን፣ ካህናቱ እንኳ ለማኅሌት በጊዜ ገብተው እዚያው ቤተ ክርስቲያን ነበር የሚያድሩት። ሚስቶች ግን ተመቻቸው! የኔዋ ምን ትለኛለች፣ "አርባ ዓመት በጊዜ ግባ እያልኩ ስለምንህ፣ ይኸው ሰዓት እላፊ በአንድ ቀን አስገባህ!" ጥሩ ነበር እያልኳችሁ አይደለም፣ ምጥ የያዛት ሴት ሌሊት በምን ትሄዳለች እያልን ተጨንቀናል፣ እሱስ አይድገመን። እኔ የማጫውታችሁ ግን የሽምግልናውን ነው።

የስማቸው አባት፣ የየሺ ባል አባት ማለቴ ነው፣ ነፍሱን ይማረውና የወንፈል ጓደኛዬ ነበር፣ ገብሱን የሱን ዛሬ የኔን ነገ እያልን አብረን ነው ያጨድነው። ሊሞት ሲል እጄን ይዞ "ልጄን አንተ ዳርልኝ" አለኝ። እና ልጁ ተማረ፣ ጤና ጣቢያ ተቀጠረ፣ ይቺን የሺን ወደደ። በቃ፣ ሽማግሌ ሆኖ መሄድ የኔ ሆነ። የቤተ ልሔሙን መሪጌታና ጎረቤቴን አያ ካሴን ይዤ ወደ አባቷ ወደ አያ ጥጋቡ ሄድኩ።

አያ ጥጋቡ ደግሞ፣ ይቅር ይበለኝ ልጁ እዚህ ተቀምጣለች፣ አንድ ቁርጥ ያለ ቃል ከአፉ አይወጣም። የመጀመሪያ ቀን "ወንድሜን ላማክር" አለና በጓሮ በር ወጣ፣ ጠላ ቤት ገብቶ ቀረ። ቆመን ቆመን ተመለስን። በሁለተኛውም እንዲሁ፣ "ወንድሜን ላማክር"፣ በጓሮ በር፣ ጠላ ቤት። ደጅ ማስጠናትስ ወጉ ነው፣ ግን በኛ አገር ሦስት ጊዜ ባዶውን የተመለሰ ሽማግሌ አራተኛ አይሄድም። በዚያ ላይ አንድ የወገዳ ነጋዴ ሽማግሌ ሊልክባት ነው ሲባል ሰማን። ስማቸው እህል አልበላ አለ። እኔም ያንን ጓደኛዬን በሰማይ ስንገናኝ ምን እለዋለሁ እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ።

ታዲያ በሦስተኛው፣ እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በባጃጅ ሄድን። ቤቱ ከከተማው ወጣ ያለ ነው። ባለ ባጃጁን፣ ያ ጢማሙን ታውቁት የለ፣ "እዚሁ ጠብቀን፣ ንቅንቅ እንዳትል" አልኩት። "እሺ አባባ፣ አሥራ አንድ ተኩል ድረስ አለሁ" አለ። አለሁ ብሎኛል እሺ? ያዙልኝ።

ገባንና ቆምን። "ተቀመጡ እንጂ" ይላል አያ ጥጋቡ። መሪጌታ በዚያ በማኅሌት ድምፃቸው "ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም፣ እህል ውኃም አንቀምስም" አሉ። ታዲያ ተናገርን፣ ለመንን። እሱ አፍንጫውን እያሻሸ "እህም... ልጄ እኮ ገና ናት... እህም... ዘመኑም እንደምታዩት ነው..." ይሄንኑ ሲያመላልስ አሥራ አንድ ሆነ። ገና አሥራ አንድ! ከውጭ ጥርርርር የሚል ሰማሁ። ወጥቼ ባይ ባጃጁ የለም፣ አቧራው ብቻ! አይ ያ ጢማም፣ የረገምኩት እርግማን!

ተመልሼ "ባጃጁ ጥሎን ሄደ" አልኩ። በእግር እንዳንሄድ የመሪጌታ ጉልበት አያደርስም፣ መንገድ ላይ አሥራ ሁለት ሊሞላብን ነው። አያ ጥጋቡ አሁን ደነገጠ፣ "እንግዲህ... እደሩዋ!" አለ። መሪጌታም "እናድራለን፣ ግን ያልነው ያው ነው፣ ቃል ሳንሰማ አንቀምስም" አሉ።

እና ቆመን አመሸን። ከጓዳ የዶሮ ወጥ ይሸታል። የአያ ካሴ ሆድ ጉርርር ቢል አያ ጥጋቡ በሬ የገባ መስሎት ወደ በሩ ዞር አለ! ያን ጊዜ ሚስቱ እትዬ ጠጄ ከጓዳ ወጣች፣ "ውይ ጉዴ! ሦስት ሽማግሌ ከቤቴ ጦሙን አደረ? ነገ በየትኛው ፊቴ ነው ቤተ ክርስቲያን የምሳለም?" አያ ጥጋቡ ብድግ አለና "እስቲ ወንድሜን ላማክር" ብሎ ወደ ጓሮ በር! "የቱን ወንድምህን?" አለችው፣ "ወንድምህ ያለው ወገዳ አይደለም እንዴ? ደግሞስ አሥራ ሁለት አልፏል፣ ጠላ ቤቱም ተዘግቷል፣ ተይዘህ ብታድር ማን ሊያስፈታህ ነው?" ሰውየው በሩን አየ፣ እኛን አየ፣ ተመልሶ ተቀመጠ። መሪጌታ ረጋ ብለው "እኛ አንቸኩልም አያ ጥጋቡ፣ እስከ ንጋት ሙሉ ሌሊት አለን" አሉት።

"ሰጥቻለሁ!" ብሎ ጮኸ። "ሰጥቻለሁ፣ በሉ ተቀመጡና ብሉልኝ!"

እኔ አለቀስኩ፣ አላፍርም፣ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ፣ ጓደኛዬ ታየኝ። መሪጌታ ምርቃቱን ጀመሩ፣ አላቆምም አሉ፣ አያ ካሴ "መሪጌታ፣ የቀረውን ከዶሮ ወጡ በኋላ ያድርሱልን" አላቸው። እንዲህ ነው እንግዲህ ሰዓት እላፊ የዳረው ትዳር። ያንን ጢማም ግን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም፣ ሰላምም አልለው፣ ባጃጁም ላይ ወጥቼ አላውቅ። ሽማግሌ ጥሎ የሚሄድ!

(የሺ፦) "አባባ፣ እሱን እንኳ ተዉት። በጓሮ በር ወጥቼ 'አንተ ሂድ፣ ዛሬ እዚሁ ያድራሉ' ብዬ የሸኘሁት እኔ ነኝ።"

ምን አልሽ? ... አንቺ! ... ኧረ ስሟት፣ ኧረ ስሟት እናንተ! ሁለት ዓመት ሙሉ ዳገቱን በእግሬ ስወጣ እያየሽኝ?