የሚቀበለው ኮከብ

(ከቀትር በኋላ፣ በአንድ ሆስፒታል ግቢ፤ ሰማዩ ላይ ከሰሞኑ በቀን የሚታይ አዲስ ኮከብ ወጥቷል። ነገ ጠዋት የልጃቸውን ኩላሊት ሊቀበሉ የተኙት ጎማ ጠጋኙ አቶ ወልደየስ ልብሳቸውን ለብሰው ወደ በሩ ሲያመሩ፣ የፊዚክስ አስተማሪዋ ልጃቸው ምንትዋብ ደርሳባቸዋለች።)

ምንትዋብ፦ ወዴት ነው አባዬ?

ወልደየስ፦ ቤቴ። ታክሲ ጥሪልኝ።

ምንትዋብ፦ ነገ ጠዋት እኮ ነው ቀዶ ጥገናው። ነርሷ አልጋህን ባዶ ስታገኘው በኔ ላይ ነው የጮኸችው።

ወልደየስ፦ ይቅርታ ጠይቂልኝ። አሁን ቀና በይና እይው።

ምንትዋብ፦ አይቼዋለሁ።

ወልደየስ፦ በጠራራ ፀሐይ ኮከብ። ጥበቃው እንኳ እንዳይወድቅበት ፈርቶ ወንበሩን ጣሪያ ሥር አስገብቷል።

ምንትዋብ፦ አይወድቅም። በጣም ሩቅ ነው። የፈነዳው አንተም አያትህም ሳትወለዱ ነው፤ ብርሃኑ ነው ገና አሁን የደረሰው። ላንተ ኩላሊት ብሎ የፈነዳ ኮከብ የለም።

ወልደየስ፦ ታዲያ ከኔ ቀጠሮ ጋር ምን አገጣጠመው?

ምንትዋብ፦ በዚህ አገር ቀጠሮ ያለው አንተ ብቻ ነህ?

ወልደየስ፦ እሺ። አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ግን እንዳትቆጪኝ። አስቆጥሬያለሁ።

ምንትዋብ፦ ምኑን?

ወልደየስ፦ ኮከባችንን። ስምሽንና የእናትሽን ስም፣ ስሜንና የእናቴን ስም ለኮከብ ቆጣሪ ሰጥቼ። አይገጥምም አለኝ።

ምንትዋብ፦ አባዬ፣ ኮከብ የሚቆጠረው ለጋብቻ ነው።

ወልደየስ፦ ቆጣሪውም ግራ ገባው። ለምንድን ነው ቢለኝ ለኩላሊት አልኩት። እንደገና ቆጠረና፣ ያው ነው፣ አብሮ መኖር አይደል አለኝ።

ምንትዋብ፦ ሐኪሞቹ ገጥሟል ብለዋል። ስንት ጊዜ ደም ቀድተው መረመሩን።

ወልደየስ፦ እነሱ ያዩት ደም ነው።

ምንትዋብ፦ ያንተና የእማዬ ኮከብስ? ገጥሟል ተብሎ አይደለም ያገባሃት? እኔ ትምህርት ቤት ሳልገባ ሞተች።

ወልደየስ፦ ይኼን ማንሳት ነበረብሽ?

ምንትዋብ፦ ይቅርታ። አፌ ቀደመኝ።

ወልደየስ፦ ግድ የለም፣ እውነትሽን ነው። ቆጣሪውን ተይው። አንቺ ራስሽ ያልሽውን ልጠይቅሽ። ትናንት ከጎኔ ለተኛው ሹፌር ስታስረጂ ያንቀላፋሁ መስሎሽ ነበር።

ምንትዋብ፦ ምን ሰማህ?

ወልደየስ፦ ይኼ የፈነዳው ኮከብ ያረጀ፣ እሳቱ የጠፋ ነበር አልሽ። አጠገቡ ሌላ ደህና ኮከብ ነበረ። ከዚያ ከጎረቤቱ እየሳበ፣ እየሳበ፣ ሲበዛበት ጊዜ ፈነዳ። አላልሽም?

ምንትዋብ፦ ብያለሁ።

ወልደየስ፦ እኔ ዕድሜዬን ጎማ ስነፋ የኖርኩ ሰው ነኝ። ያረጀ ጎማ ከአቅሙ በላይ ሲነፋ የሚጎዳው አጠገቡ የቆመውን ነው።

ምንትዋብ፦ አንተ ኮከብ አይደለህም፣ ጎማም አይደለህም።

ወልደየስ፦ ያረጀሁ ነኝ፤ ከልጄም ልወስድ ነው። እስቲ ንገሪኝ፣ የሰጠውስ ኮከብ ምን ሆነ?

ምንትዋብ፦ እሱን ለሹፌሩ አልነገርኩትም።

ወልደየስ፦ ስለዚህ ነው የምጠይቅሽ።

ምንትዋብ፦ አንዳንዴ ይተርፋል። ላዩ ይገፈፋል እንጂ ይተርፋል። ግን አብሮት የሚዞረው ስለሌለ ብቻውን ተወርውሮ ይሄዳል። ማንም አይመልሰውም።

ወልደየስ፦ አየሽ።

ምንትዋብ፦ የፈነዳውም ከንቱ አይቀርም። በደማችን ውስጥ ያለው ብረት ከእንዲህ ዓይነቱ ነው የመጣው። ከብናኙ አዲስ ኮከብ ይወለዳል፣ ምድርም ይሠራል።

ወልደየስ፦ እንግዲያው ያረጀው ነው ለሚወለደው የሚሰጠው። ሥርዓቱ እንዲህ ከሆነ አንቺ ገልብጠሽ ነው የያዝሽው።

ምንትዋብ፦ ሰው ነኝና። ኮከብ መርጦ አይሰጥም፣ እኔ መርጫለሁ።

ወልደየስ፦ እሱ ነው የሚያስፈራኝ። ስትፈርሚ እየሳቅሽ ነው። ሐኪሙ ጉዳቱን ሲዘረዝር እኔ ላብ አጠመቀኝ፣ አንቺ ስለ ምሳ ትጠይቂዋለሽ። የምትሰጪውን አላወቅሽውም። ከዚያ አልጋ ሳትነሺ ብትቀሪ፣ ያንቺን ሥጋ በሆዴ ይዤ እንዴት ነው የምኖረው?

ምንትዋብ፦ እጄን ያዘው።

ወልደየስ፦ ምነው? በረዶ ሆኗል እኮ።

ምንትዋብ፦ እዚህ ካስተኛሁህ ጀምሮ እንደዚህ ነው። እንዳታይብኝ ኪሴ ውስጥ ነው የማውለው። ማደንዘዣው ያስፈራኛል፣ ሳልነቃ ብቀርስ እላለሁ። ቢላዋውን ሳስበው እንቅልፍ አይወስደኝም።

ወልደየስ፦ ልጄ፣ ታዲያ ለምን?

ምንትዋብ፦ ከሁሉ የሚያስፈራኝን ልንገርህ? ያ ጥሪልኝ ያልከው ታክሲ ነው። ቤትህ ትገባለህ፣ ትንሽ ትሰነብታለህ። ከዚያ በኋላ እናት የለኝ፣ እኅት የለኝ፣ ሁለት ኩላሊት ይዤ ብቻዬን ምን እሆናለሁ? ተወርውሮ የሚሄደውን ኮከብ ለሹፌሩ ያልነገርኩት እኔን ስለመሰለኝ ነው።

ወልደየስ፦ ይኼን ሁሉ ለምን እስከ ዛሬ ደበቅሽኝ?

ምንትዋብ፦ ብትሰማ ትሸሻለህ ብዬ።

ወልደየስ፦ የሸሸሁት ስላልሰማሁ ነው። በይ ነገ ወደ ውስጥ ሲያስገቡን አልጋችንን ጎን ለጎን አድርገው እንዲገፉን ንገሪያቸው፤ እኔም ብቻዬን እፈራለሁ።