ያልተመለሰው ሰሃን

ድሬ ውስጥ በስድስት ሰዓት ፀሐይ መንገድ የሚያስረዝም ሰው ወይ እብድ ነው ወይ ከሰው ተጣልቷል። አያን አክስቷን ቱሪያን ደቻቱ ድልድይ አጠገብ ሽንኩርት የሞላ ዘንቢል ተሸክማ ስታገኛት ያሰበችው ይሄንን ነው። የቱሪያ ቤት እኮ መጋላ ነው፣ ከገበያው ጀርባ። በጠባቧ መንገድ ቢሄዱ ላብ ሳያጠምቅ ይደረሳል።

«ኤዶ፣ በዚህ ሙቀት እዚህ ምን አመጣሽ?» አለቻት ዘንቢሉን እየተቀበለች። የአባቷ እህት ስለሆነች ኤዶ ነው የምትላት።

ቱሪያ መጀመሪያ ሐኪም በእግር ሂጂ ብሎኛል አለች። አያን ሳቀች። ኒም ዛፍ ጥላ ስር አረፍ ሲሉ ግን ሁሉም ወጣ። ለዒድ ለጎረቤቷ ለይርገዱ የዒዱን ጣፋጭ፣ ሀላዋና ሙሸበክ በሰሃን ልካላት ነበር። ይርገዱ ሰሃን ወስዳ አታሳድርም፤ የሆነ ነገር አድርጋበት ትመልሳለች፣ ሁልጊዜ። አሁን ግን ዒዱ አልፎ ስንት ጊዜው፣ ሰሃኑ የለም። ቱሪያም በሯ ላይ ላለማለፍ ከተማውን ትዞራለች።

«ንቃኛለች። ለልጄ ለአብዲራሺድ ሰርግም አልጠራትም» አለች።

አያን ደነገጠች። ይርገዱ ማለት እኮ ቱሪያ ታማ ሆስፒታል የተኛች ጊዜ አብዲራሺድን ከልጆቿ ጋር እያጎረሰች ያቆየች ሴት ናት። ሰርጉ ደግሞ ሐሙስ ነው። ሳትጠራ ከቀረች ያ ጉርብትና በቃ፣ አለቀለት።

«እስቲ ያየሽውን ብቻ ንገሪኝ» አለች አያን።

«ነገርኩሽ አይደል? ናቀችኝ።»

«እሱን አላየሽም። በዓይንሽ ያየሽውን ነው ያልኩሽ።»

ቱሪያ ነጠላዋን አስተካከለች። «ሰሃኑ አልመጣም።»

«በቃ፣ ያየሽው ይቺን ነው። ሌላውን ራስሽ ጨመርሽበት። ደመናው ገና ደንገጎ ተራራ ላይ ነው፣ ጎርፉ ሳይመጣ አንቺ እዚህ ደረቅ አሸዋ ላይ ሰጥመሻል።»

«ሀያቲ፣ ሕይወቴ፣ እኔ ልቤ ዋሽቶኝ አያውቅም።»

«አብዲራሺድ ዋሂል ገጠር ሄዶ ስልኩ እምቢ ያለ ቀንስ? ልጄ ሞተ ብለሽ ሰፈሩን አላስለቀስሽም? ማታ የፍየል ቆዳ ተሸክሞ ሲመጣ ምን አለሽ? ቻርጅ ጨርሶ ዘጋብኝ።»

ቱሪያ ሳቋ አመለጣት። ግን በቀላሉ የምትረታ ሴት አይደለችም። ከሳቋ መለስ ብላ፣ «አንቺስ? የፈተናው ውጤት ሳይወጣ ወድቄያለሁ ብለሽ ክፍል ዘግተሽ ምግብ እምቢ ያልሽው አንቺ አልነበርሽም?» አለች።

«እኔ ነበርኩ። ለዛ እኮ ነው የማውቀው። ውጤቱ ሳይመጣ ከሳሁ፣ ሳልወድቅ የወደቀ ሰው ለቅሶ አለቀስኩ። ሐሳብ ሲደጋገም መንገድ ያወጣል፣ ኤዶ። ፍየል በተመላለሰችበት ሳር እንደማይበቅለው። ትናንት ሳምቡሳው ያረረው፣ እንቅልፍ ያጣሽው፣ ይርገዱ ምን አድርጋሽ ነው? ሰሃኑ ነው እንዴ ያናገረሽ?»

  ቱሪያ አቧራዋን አራግፋ ተነሳችና በጠባቧ መንገድ እንሂድ አለች።

ይርገዱ በሯ ላይ ቆማ ነበር። እንዳየቻቸው ዘወር ብላ ወደ ውስጥ ገባች።

«አየሽ?» አለች ቱሪያ፣ ድምጿ ተቀይሮ።

«ያየሽው ምንድነው?»

ቱሪያ እግሯን አንስታ ለመሄድ፣ ለመቆም፣ ሁለቱንም አሰበች። «መግባቷን» አለች በመጨረሻ። ከዛ ወደ በሩ ጠጋ ብላ፣ «ይርጌ፣ አለሽ? ተቀየምሽኝ እንዴ?» ብላ ጠየቀች። ይቺን አንድ ጥያቄ ለመጠየቅ ነው እንግዲህ ያ ሁሉ ፀሐይ።

ይርገዱ ሰሃኑን ታቅፋ ወጣች። ታጥቦ ያብለጨልጫል። «ባዶውን እንዴት ልመልሰው ብዬ ነው» አለች መሬት መሬት እያየች። «ፋብሪካው ከሥራ ከቀነሰን ወዲህ ቤቴ እንደዱሮው አይደለም። ዛሬ ዳቦ እደፋለሁ፣ ነገ እደፋለሁ ስል ቀረ። አንቺ ደግሞ መንገድ ስትቀይሪ፣ ማጣቴን ሰምታ ሸሸችኝ አልኩ።»

አያን አፏን ያዘች። ሁለቱም ግድግዳ ለግድግዳ ተጠግተው፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ታሪክ ሲጽፉ ከርመዋል።

ቱሪያ ሰሃኑን ተቀበለች፣ አገላብጣ አየችው፣ መልሳ ይርገዱ እጅ ላይ አስቀመጠችው። «እዚሁ ይቀመጥ። የሰርጉን ሀላዋ በምን ልልክልሽ ነው? አሁን ቢላሽን ይዘሽ ነይ፣ ይሄ ሽንኩርት ሳይላጥ ሐሙስ ይደርሳል።»

ከዛ ቀን ወዲህ ቱሪያ እንቅልፏ ተመልሷል፣ ሳምቡሳዋም አያርም። ክፉ ሐሳብ መምጣቱን አልተወም፣ ይመጣል፤ እሷ ግን ቁጭ በል ብላ ወንበር አትሰጠውም፣ ሄዳ ትጠይቃለች። በጠባቧ መንገድ ስለምትሄድም ፀሐይ አይመታትም፤ ይሄም ትንሽ ጥቅም አይደለም።

የሰርጉ ማግስት አያን ስልኳ ላይ አፍጥጣ ፊቷን ጥላ ተቀምጣ ነበር። ጓደኛዋ ፋርሒያ መልእክቷን አይታ አልመለሰችላትም። በቃ ጠልታኛለች ብላ ለአክስቷ አማረረች።

ቱሪያ ቀና እንኳ አላለችም። «ሀያቲ፣ ያየሽው ምንድነው?» አለቻት።