ሀረጎን የሚወርድ ዓይን

ደሴ፤ ማለዳ፤ ከቤታቸው ግቢ በቆመ አውቶቡስ ውስጥ፣ ሾፌሩ እንድሪስ መሪው ጋ ተቀምጧል፣ ሚስቱ ዘሀራ ከጎኑ ቆማለች።

ዘሀራ፦ አላደርገውም አልኩህ! እጄን ልቀቅ።

እንድሪስ፦ አንዴ ብቻ፣ ዘሀራ። አንቺ የዓይኔን ቆብ ከፈት አድርገሽ ያዢልኝ፤ ሌንሱን እኔው አስገባዋለሁ።

ዘሀራ፦ አልከፈትም ያለ ዓይን በግድ ይከፈታል? በር መሰለህ?

እንድሪስ፦ ግራው እኮ ምንም አላለኝ። ይኼ ቀኙ ነው ያመፀው። ነካ ሳደርገው እንባው ይጎርፋል። ልጆቹ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሻንጣቸውን ይዘው እየጠበቁኝ ነው።

ዘሀራ፦ ይጠብቁ።

እንድሪስ፦ ደብረ ብርሃን ድረስ ነው የማደርሳቸው፤ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ይጠብቃል እንዴ? ረህመት ደግሞ ለክፍሏ ልጆች ሁሉ «አባቴ ነው የሚወስደን» ብላ አውርታለች። ለልጄ ምን ልበላት?

ዘሀራ፦ አሞኛል በላት።

እንድሪስ፦ ዓይን ቀላ ተብሎ? እንዲህ ከሆነማ ሽንኩርት የከተፈ ሁሉ ሆስፒታል ይተኛ።

ዘሀራ፦ ሽንኩርት ስከትፍ ነው የኖርኩት፤ አንድም ቀን ግን ብርሃን ሸሽቼ ጋቢ ተከናንቤ አልዋልኩም። አንተ ትናንት «መጋረጃውን ዝጊ፣ በሩን ዝጊ» ስትል ነው የዋልከው።

እንድሪስ፦ ድካም ነው።

ዘሀራ፦ እስቲ ወደ እኔ ዙር። ዙር እንጂ! ... ያ ረቢ! እንድሪስ፣ ይኼ ነጭ ነገር ምንድን ነው?

እንድሪስ፦ የቱ?

ዘሀራ፦ ጥቁሩ ላይ ያለው። የሩዝ ቅንጣት ታክላለች። ትናንት አልነበረችም።

እንድሪስ፦ ዓይናር ነው። ጥረጊልኝ።

ዘሀራ፦ ዓይናር ከዓይን ጋር አብሮ አይዞርም። ይኼ እዚያው ላይ የበቀለ ነው።

እንድሪስ፦ በጠዋቱ አታሟርቺብኝ።

ዘሀራ፦ እኔ ነኝ ያሟረትኩብህ? አዲስ አበባ ሐኪሟ ስትነግርህ ከጎንህ ተቀምጬ ነበር እኮ። «እጅህን በሳሙና ሳትታጠብና ሳታደርቅ እንዳትነካው፣ ውሃ እንዳያገኘው፣ ተኝተህበት እንዳታድር» አለች። «ዓይንህ የቀላ ቀን አውልቀህ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ሂድ» አለች። አንተ «እሺ ዶክተር፣ እሺ ዶክተር» እያልክ እንደ ሙሽራ አንገትህን ደፋህ።

እንድሪስ፦ እሷ ምን አለባት፤ በየመንገዱ አታድር። የማጠቢያው ፈሳሽ አለቀብኝ። ከተማውን ሙሉ ዞሬ አጣሁት።

ዘሀራ፦ ታዲያ በምን ስታጥበው ከረምክ?

እንድሪስ፦ በውሃ።

ዘሀራ፦ በየትኛው ውሃ?

እንድሪስ፦ ባገኘሁት። የታሸገ ካለ በታሸገ፤ ከሌለ ካደርኩበት ሆቴል ቧንቧ።

ዘሀራ፦ ቧንቧው ሲደርቅስ?

እንድሪስ፦ ዘሀራ ...

ዘሀራ፦ ሲደርቅስ?

እንድሪስ፦ በምራቄ። የገዛ ምራቄ አይደለም እንዴ? ባዳ ነው?

ዘሀራ፦ ጫት የዋለበት አፍ! በእሱ አርሰህ ዓይንህ ውስጥ?

እንድሪስ፦ ማታ ማታ ግን አወልቀዋለሁ። ወላሂ ...

ዘሀራ፦ አትማል! ስትነሳ «ዓይኔ አሸዋ ገባበት» የምትለው ትራስህ ላይ አሸዋ ዘርቼብህ ነው? ተኝተህበት እያደርክ ነው። የሌንሱን ማስቀመጫም ከኮትህ ኪስ አውጥቼ አይቻታለሁ። ውስጧ አረንጓዴ ለብሶ እንደ ወንዝ ድንጋይ ያሟልጫል። ከዚያ እያወጣህ ነው ዓይንህ ላይ የምትለጥፈው።

እንድሪስ፦ ዝም ብዬ መቼ ተቀመጥኩ? ጠብታ አድርጌበታለሁ። ያ ሾፌሩ መላኩ ዓይኑን ሲያመው የታዘዘለት ተርፎት ነበር፣ ሰጠኝ። ቅላቱ በማግስቱ ጠፋ።

ዘሀራ፦ ጠፋና?

እንድሪስ፦ ተመለሰ።

ዘሀራ፦ የመላኩ መድኃኒት የመላኩን በሽታ ነው የሚያውቀው። ያንተን አልነገርከው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል ሰምተህ አታውቅም?

እንድሪስ፦ ምን ላድርግ ነው የምትይኝ? መነጽሬን ልሰካ?

ዘሀራ፦ መነጽር ምን አለው? ቁምሳጥን ውስጥ አቧራ ጠጥቶ ተኝቷል።

እንድሪስ፦ እኚያን አሮጊት ረሳሻቸው? ገና ከመሳፈራቸው ፊቴን አይተው፣ «መነጽር ያደረገ ሾፌር ሀረጎን አያስወርደኝም፤ እሱ ራሱ መሪ የሚፈልግ ነው» ብለው ወረዱ። መኪናው ሙሉ ሳቀ። ከኋላ አንዱ «ሾፌር፣ ከዘራ እናቀብልህ?» አለ። ያን ቁልቁለት በጭቃም በጉምም ስወርደው የኖርኩት ሰውዬ ነኝ እኮ!

ዘሀራ፦ አልረሳሁም። ያን ቀን እራትህን ሳትበላ ተኛህ። ግን ለአንዲት አሮጊት አፍ ብለህ ዓይንህን ትሸጣለህ? እኩላለሁ ብላ ዓይኗን አጠፋች የሚሏት ሴትዮ አንተ ቤት ገባች።

እንድሪስ፦ አብሽሪ፣ አንዱ ቢያምፅ ሌላው አለ። ድሮ ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና በአንድ መብራት ሀረጎን ይወርድ አልነበር?

ዘሀራ፦ ወርዶ የቀረውን ማን ያወራልሃል? አንድ ዓይን ያላት በአፈር አትጫወትም። አንተ በገደል ልትጫወት ነው። በሰው ልጅ!

እንድሪስ፦ የራሴም ልጅ አለችበት! የምጠላት አስመሰልሽኝ እኮ።

ዘሀራ፦ የት እንደምትቀመጥ ታውቃለህ?

እንድሪስ፦ ከኋላዬ።

ዘሀራ፦ ሁልጊዜ ከኋላህ። አንገትህን እያየች ነው የምትሄደው። «እማዬ፣ አባዬ ሲነዳ እንቅልፍ ይወስደኛል» ነው የምትለኝ። እሷ ምኑንም አታውቅ። ... ስለ አላህ፣ መላኩን ጥራው።

እንድሪስ፦ መላኩ ይህን መሪ አንዴ ከጨበጠ የሚለቅ ይመስልሻል? ባለንብረቱ ወሬውን በሰማ ሰዓት «ዓይኑን ያመመው» እባላለሁ። ዓይኑን ያመመውን ሾፌር ማን መኪና ይሰጠዋል? ደጅ ላይ ተቀምጬ የሌላ ሰው መኪና ሲያልፍ ልስማ?

ዘሀራ፦ ደጁ ላይ ተቀምጦ የሚሰማ እኮ ከገደል የተረፈ ነው።

እንድሪስ፦ እሺ። እሺ፣ ቀኙን ተይው። ሌንሱንም ወርውሪው። ጨፍኜው በግራው እነዳለሁ። ስመለስ በቀጥታ ሐኪም ጋ እሄዳለሁ።

ዘሀራ፦ «በዚያው ቀን» ነው ያለችው ሐኪሟ። ዓይን ቀጠሮ አይሰጥም።

እንድሪስ፦ በግራው እንደ ጭልፊት ነው የማየው እያልኩሽ!

ዘሀራ፦ እንደ ጭልፊት?

እንድሪስ፦ እንደ ጭልፊት።

ዘሀራ፦ እንግዲያው ቀኙን በመዳፌ ልከልለው። አትንቀሳቀስ። በዚህ በጎንህ መስኮት ወደ ውጭ እይ። ምን ይታይሃል?

እንድሪስ፦ ምን ይታየኛል? የደሴ ጠዋት ነዋ።

ዘሀራ፦ እንዴት ያለ ጠዋት?

እንድሪስ፦ ጉም። ከጦሳ ተራራ ወርዶ ሰፈሩን ውጦታል። ቶሎ ልነሳ የምልሽም ለዚህ ነው፤ ሀረጎ ላይ ይብሳል።

ዘሀራ፦ የግቢው በር ጋ ማን እንደቆመ ንገረኝ።

እንድሪስ፦ በዚህ ጉም እንዴት ይለያል? አንድ ነገር ይታየኛል ... ጥላ ነገር። ጎረቤት ነው?

ዘሀራ፦ ረህመት ናት። ሻንጣዋን ይዛ ወጥታለች። እጇን እያውለበለበችልህ ነው።

እንድሪስ፦ ጉሙ ነው እንጂ ...

ዘሀራ፦ እንድሪስ፣ ዛሬ ጉም የለም። ፀሐይ ወጥታለች። ጦሳ ላይ ያሉት ባሕር ዛፎች አንድ በአንድ ይታያሉ።

እንድሪስ፦ መስታወቱ ቆሽሾ ይሆናል።

ዘሀራ፦ መስታወቱ ክፍት ነው። ነፋሱ ፊትህን ሲነካህ አይሰማህም?

እንድሪስ፦ ... ግን እኮ ግራው አያመኝም፣ ዘሀራ። ምንም አያመኝም።

ዘሀራ፦ ይህንን ሌንስ መቼ ነው ያስገባኸው?

እንድሪስ፦ ቀኙ ሲያንገበግበኝ ሐሳቤ ሁሉ እሱ ላይ ሆነ።

ዘሀራ፦ መቼ ነው ያስገባኸው?

እንድሪስ፦ አላወለቅኩትም። ከሰነበተ አላወለቅኩትም።

ዘሀራ፦ ያ አላህ። ... ተነስ፣ በሳሙና ታጠብና አውልቀው። ከዚያ በቀጥታ ሐኪም ቤት። ልጅቷ ወደዚህ እየመጣች ነው፤ ምን ልበላት?

እንድሪስ፦ ቁልፉን ወስዳ ለመላኩ ትስጠው። ... አንቺ ግን አትሂጂ፤ እጄን ይዘሽ አውርጂኝ፣ ደረጃው አይታየኝም።