በቃላት ያሸነፈን ሰው

ኢኽላስ! ደህና ዋልሽ እታለም? በዚህ በቆቦ ሙቀት ሹራብ ታገላብጫለሽ?... ለካ ደሴ ይበርዳል! የልጆችሽ አባት ነገ ለቃላት ሻምፒዮናው ይሄዳል አሉ። ግራጫውን ውሰጂለት፤ እድፍ አያሳይም።

እኔማ የት እሄዳለሁ? ሃያ ዓመት አማርኛ አስተምሬ፣ ይኼ ከከረጢት ፊደል እያወጡ ቃል የሚደረድሩበት ውድድር የተጀመረ ዓመት ሮቢት ላይ «ፀሐይ»ን በማይሆን «ሀ» ደርድሬ በመጀመሪያው ዙር የተሰናበትኩ የሻረግ! ተማሪዎቼ እስከዛሬ ሲያዩኝ «ፀሐይ ወጣች» ይላሉ። በሁለተኛው ዓመት ደግሞ ከዋጃ የመጣች የአስረኛ ክፍል ልጅ አሸነፈችኝ፤ ያውም እያዛጋች።

አምና ግን ለፍጻሜ ደረስኩ። ከማን ጋር?... ስም ምን ያደርጋል? ከደግ ሰው ጋር ነው። መዝገበ ቃላት ቸገረን ብንል የራሱን ከቤቱ ይዞልን መጣ። ማን እንዲህ ያደርጋል? ታዲያ ሰሌዳው ላይ «ጠሸሪት» ብሎ ደረደረ። «ምንድነው?» አልኩ። «ዘግይቶ የደረሰ ማሽላ ነው፤ የራያ ሽማግሌዎች ይሉታል» አለ። እኔ ማሽላ ማሳ ላይ ወፍ ስጠብቅ ያደግሁት ሰምቼው አላውቅም... አየሽ አለማወቄን? መዝገበ ቃላቱ ሲገለጥ የ«ጠ» ገጾች የሉም። ከአያያዝ ይቀደዳል ይባል የለ? ዳኛውም ከአነጋገሩ ፈረደለት።

ዘንድሮም አሸናፊው ደሴ ይሄዳል ተብሎ ለፍጻሜ የቀረብነው እኛው ሁለታችን ነን። አናጢው ዒምራን ፊደሎቹን የእንጨት ጠጠሮቹ ላይ ጠለቅ አድርጎ ቀርጿቸዋል፤ በጣት ይነበባሉ ማለት ይቻላል። ያ ደግ ሰው ጠጠር ሊያወጣ እጁን ከረጢቱ ውስጥ ሲከት ዓይኑን ይጨፍናል... ይቆያል... ይቆያል... እኔ ዱዓ መስሎኝ! አክብሬ እኔም ጨፈንኩ። ሞኝ የያዘውን አይለቅም፤ ብልህ ግን ይለቅና ሌላ ይዳብሳል። እሱ «ለ»ን፣ «ተ»ን ሲያወጣ፣ እኔ «ጳ» አወጣሁ፤ ደግሞም «ጳ»... አንድ «ስ» ባገኝ ጳጳስ እሆን ነበር።

ታዲያ ተናገርኩ? ምን ብዬ? በፀሐይ የወደቀች ሴት የሰው ጥላ ታወራለች?

በሰባት ነጥብ ተሸነፍኩ። ከሁሉ ቀድሜ ያጨበጨብኩት እኔ፤ «የእጅ ጽሑፍሽ ያምራል» ተብዬ የምስክር ወረቀቱን የጻፍኩትም እኔ። «በብቃት» የምትለዋ ላይ ስደርስ ቀለም ጠብ አደረግሁባት... ከደስታ ይሆናል፣ ሌላ ከምን?

ደሴማ ጠጠሩ ፕላስቲክ ነው አሉ፤ ፊደሉ የታተመ፣ ልሙጥ። ለእሱ ግን ምኑ ይቸግረዋል? አዋቂ ነው!

በይ ልሂድ፣ ክፍለ ጊዜ አለኝ። መልካም መንገድ በይልኝ። ለእንዲህ ያለ ሰው አንድ ምርቃት ብቻ ነው ያለኝ፤ ከልቤ ነው ደግሞ... አላህ የእጁን ይስጠው።

አሚን በይ እንጂ፣ እታለም!