መልአክ የወሰደው መጽሐፍ

በድርቁ ጊዜ ለእርዳታ ባሕር ዳር ለመጡ ፈረንጆች አስተርጓሚ ነበርሁ። አንደኛው፣ ሞርሞን ነኝ የሚል መካኒክ፣ ወደ ደሴቱ ገዳም ስንሻገር ጀልባው ላይ በስብከት አደነቆረኝ። እውነተኛዋ ቤተ ክርስቲያን ከሐዋርያት በኋላ ከምድር ጠፍታ ኖራ፣ አሜሪካ ውስጥ መልአክ ለአንድ ወጣት በሰጠው በወርቅ ሰሌዳ የተጻፈ መጽሐፍ ተመለሰች አሉ፤ ከእነሱ ሌላ እውነተኛ የለም! የሚከታተለን ካድሬም አብሮን ነበር።

የዕቃ ቤቱ መነኩሴ የብራና ወንጌላቸውን ገልጠው ሲያሳዩን ፈረንጁ ያንኑ ስብከት ደገመው። ምን ላድርግ፣ ተረጎምሁ።

“ጠፍታ ነበር? ታዲያ እኛ እዚህ የማንን ቅዳሴ ስንቀድስ ኖርን?” አሉ አባ። “በል እስቲ የወርቁን መጽሐፍ አሳየኝ።”

“መልአኩ መልሶ ወሰደው” አለ ፈረንጁ።

አባ ብራናውን ከድነው ካድሬውን በአገጫቸው አመለከቱ። “የእኛን መጽሐፍ እኒህ ጓድ እንኳ መዝግበው፣ ሳይወስዱ ትተውልናል። ከካድሬ የባሰ ምን ዓይነት መልአክ ነው?”

ክው አልሁ። ዛሬ ወህኒ ማደራችን ነው ብዬ ዞር ስል፣ ያ በየስብሰባው “መልአክ የሚባል ነገር የለም” እያለ የሚያሰለቸን ካድሬ ከመልአክ በመሻሉ ደስ ብሎት ደረቱን ነፍቷል።