የመምህር ደረሰ ጥንድ ምንጣፎች

መብራት ባይጠፋ ኖሮ ሄራን ከጋሽ በርናባስ ጋር ዳግም ባልተገናኘች ነበር። ያን ቅዳሜ ጠዋት የቤታቸውን የሱፍ ምንጣፍ ጠቅልላ በባጃጅ ይዛ የሄደችው ባህል አዳራሽ አካባቢ ወዳለው ባለ ማሽን እጥበት ቤት ነበር። ዘበኛው ከወንበሩ ሳይነሣ «ማሽኑ ያለ መብራት አይሠራም፤ መብራቱ መቼ እንደሚመጣ ደግሞ ለእኔም አልነገሩኝ» ብሎ መለሳት።

ሄራን መጠበቅ አትወድም። ኬሚስትሪ ተምራ በዩኒቨርሲቲው ቤተ ሙከራ የምትሠራ ወጣት ናት፤ አንድ ነገር የሚፈጀውን ጊዜ አስቀድማ ካላወቀች እግሯ መሬት መደብደብ ይጀምራል። የዛሬው ደግሞ ቀን የተቆረጠለት ጉዳይ ነው። በሳምንቱ እሑድ ለታናሽ እህቷ ለሳያት ሽማግሌ ይመጣል፤ እናቷ ወይዘሮ አለምነሽም «የአባታችሁ ምንጣፍ ታጥቦ ሳይነጠፍ ሽማግሌ አላስገባም» ብለው ቁርጡን ተናግረዋል።

«አዲስ ከተማ ሰፈር ውስጥ በእጅ የሚያጥቡ አንድ አዛውንት አውቃለሁ» አላት ባለ ባጃጁ፤ መልሷንም ሳይጠብቅ አዞረ።

በሰማያዊ ቀለም «በርናባስ ምንጣፍ እጥበት» የሚል የእጅ ጽሑፍ ያለበት የቆርቆሮ በር ፊት ወረዱ። ግቢው ሲሚንቶ ነው። ጫልቱ የምትባል ሠራተኛ በአረፋ ውስጥ በባዶ እግሯ ቆማ ትፈትጋለች። ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው የሰበሰቡት ባለቤቱ ከሄራን ሰላምታ ይልቅ ምንጣፉን ተቀበሉ፤ ዘርግተው ጀርባውን በጣታቸው ዳበሱት።

«ይህ የመምህር ደረሰ ምንጣፍ ነው» አሉ። ከዚያ በኋላ ነው ቀና ብለው ያዩዋት። «አንቺ! አባ ኮዳ አባራሪዋ!»

ሄራን ትዝታ የምታስታምም ሰው አይደለችም። ቢሆንም ያ ስም ሲጠራ የሳሙና ሽታ መጣባት፤ ከሳሙናው ጋር የሐይቁ ጠረን። በልጅነቷ ሰፈሩ በሙሉ ፋሲካ ሲቃረብ ምንጣፉን ለጋሽ በርናባስ ይሰጥ ነበር። እሳቸውም በጋሪ ጭነው ሐይቁ ዳር ይወስዱታል፤ ታጥቦ ሲሰጣ ሣሩ ቀይና ሰማያዊ ይሆናል። ዓሣ ፍለጋ የሚዞሩት ትልልቅ ወፎች፣ አባ ኮዳዎች፣ በረጃጅም እግሮቻቸው ምንጣፉ ላይ እንደ ተቆጣጣሪ ሲንጎራደዱ በቅጠል ማባረር የሄራን ሥራ ነበር። አባቷ መምህር ደረሰ ሾላው ሥር ተቀምጠው የተማሪዎቻቸውን ፈተና ያርማሉ። ጋሽ በርናባስ በምንጣፎቹ ላይ ስም አይጽፉም፤ በየጥጋቸው ክር ያስራሉ። የእነሄራን ቤት ክር አረንጓዴ፣ ቋጠሮው ሁለት። አንድም ቀን የአንዱን ምንጣፍ ለሌላው ሰጥተው አያውቁም።

አሁንም ከኪሳቸው አረንጓዴ ክር መዘው ጥጉ ላይ ሁለት ጊዜ ቋጠሩ።

«ጌታ መጽናናቱን ይስጣችሁ። ለመምህር ቀብር መጥቼ ነበር፤ አላየሽኝም። እናትሽ ምንጣፍ መላክ የተዉት ሰፈር ስለቀየራችሁ መስሎኝ ነበር። እንኳን ደረስሽ፤ ለመጨረሻ ጊዜ አጥብልሻለሁ።»

«ለምን ለመጨረሻ ጊዜ?»

«ሰኞ ቁልፉን ለመኪና አጣቢዎች ያስረክባሉ» አለች ጫልቱ ከአረፋው ውስጥ። «እኔም ከምንጣፍ ወደ ጎማ አድጌያለሁ።»

ጋሽ በርናባስ ከጃኬታቸው ኪስ በላስቲክ የተጠቀለለ ደብዳቤ አውጥተው ሰጧት። ለአሥራ አንድ ዓመት ሲያጥቡለት የኖሩት ሐይቅ ዳር ያለ የእንግዳ ማረፊያ የላከው ነው። ከሚመጣው ወር ጀምሮ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ከሌለው አጣቢ ጋር እንደማይሠራ ይገልጻል። የቀሩት ደንበኞች ግቢውን ለማቆየት አይበቁም።

«ታዲያ ይመዘኑ!» አለች ሄራን። «ለዚህ ተብሎ ቁልፍ ይሰጣል?»

«ማን ነው የሚመዝነኝ? እኔ ሥራ ስጀምር መዛኙ በእናቱ ጀርባ ነበር። የኔ ልጅ፣ ወረቀት ምንጣፍ አያጥብም። የሚያጥበው እጅ ነው።»

«እጅ ነው። እጅዎን ግን ማን ያውቀዋል? የማረፊያው አዲስ ሥራ አስኪያጅ እርስዎን ትናንት ብሩሽ ገዝቶ ከጀመረ ሰው በምን ይለይዎት?»

«ሰፈሩን ይጠይቃ!»

«የትኛውን ሰፈር? ግማሹ ሞቷል፤ ግማሹ ቤቱን ሸጦ ሄዷል። ምስክሮችዎ አልቀዋል እኮ፣ ጋሽ በርናባስ።»

«ኧረ ቀስ በይ፣ እህቴ!» አለች ጫልቱ። «ሰውዬው ልብ አላቸው።»

ሄራን እውነት እንደ እሾህ ነው፣ ቶሎ ቢነቀል ይሻላል ባይ ናት፤ የሚነቀልበት ሰው ፊት ግን ብዙ ጊዜ አታይም። ጋሽ በርናባስ አልተቆጡም። ሳቅ አሉ።

«ወረቀት ያለው ሁሉ ይችላል? ያመጣሽ ባለ ባጃጅ መንጃ ፈቃድ አለው። አነዳዱን አየሽው?»

«አየሁት። ፈቃድ ባይኖረው ግን አልሳፈርም ነበር። ወረቀቱ ‹ይህ ሰው አይሳሳትም› አይልም። ‹ሥራውን አንድ የሚያውቅ ሰው ቆሞ አይቶታል› ነው የሚለው።»

«እንግዲህ ዕድሜ ልኬን ያየኝ አምላክ ይበቃኛል» ብለው ጨዋታውን ዘጉና ቢጫውን ጀሪካን አንሥተው ባልዲ ውስጥ መገልበጥ ጀመሩ። የበረኪናው ሽታ ግቢውን ሞላው፤ ጫልቱ ፊቷን አዙራ ሳለች። «ለመምህር ምንጣፍ ቆጥቤ አላውቅም!» አሉ በኩራት።

ሄራን ዘላ እጃቸውን ያዘች። «በረኪና አይንካው! ሱፍ ነው!»

«ሱፍ መሆኑን አንቺን ልጠይቅ?» አሉ፤ አሁን ድምፃቸው ከረር ብሏል። ከምንጣፉ ዘርፍ አንድ ክር ነቅለው ክብሪት ለኮሱበት። ክሩ ተኮማትሮ ጠፋ፤ የተቃጠለ ፀጉር ሸተተ። ጫልቱ ከምትፈትገው የፋብሪካ ምንጣፍም ሌላ ክር ነቅለው ለኮሱ፤ ይኼኛው ቀልጦ እንደ ዶቃ ደረቀ። «ፀጉር የሸተተው ሱፍ፣ የቀለጠው ፋብሪካ።»

ሄራን አፏን ከፍታ ቀረች። «ይህን ማን አስተማረዎት? እኛ በቤተ ሙከራ የምንሠራው እኮ ነው!»

«አፍንጫዬ።»

«እንግዲያው የምዘናውን ግማሽ አልፈዋል። ሌላውን ግማሽ ደግሞ እኔ ላሳይዎት።» ከጫልቱ ሁለት የሻይ ብርጭቆ ለመነች፤ ሁለቱንም በበረኪና ሞላችና በአንዱ የሱፍ ክር፣ በሌላው የፋብሪካ ክር ጨመረች። «ቁጭ እንበል፤ ትንሽ ጊዜ ይፈልጋል» አለች። ከሄራን አፍ እንዲህ ያለ ቃል ሲወጣ ብርቅ ነው።

ተገልብጠው በተቀመጡ ባልዲዎች ላይ ተቀመጡ። ጋሽ በርናባስ ምንጣፉን እያዩ፣ «ይህ ጥንድ ነበር» አሉ። «መምህር ከደብረ ብርሃን በመኪና ጣሪያ አስጭነው ሲያመጡት ያወረድኩት እኔ ነኝ። ሁለት፣ አንድ ዓይነት። ያኛውስ የት አለ?»

ሄራን ብርጭቆዎቹን አየች። የዚህን ጥያቄ መልስ አባቷ አደራ ብለው ዘግተውታል። ግን አባቷ የሉም፤ ሰኞ ደግሞ ቁልፉ ሊሰጥ ነው፤ ብርጭቆው ውስጥም ክሩ መልኩን መቀየር ጀምሯል።

«እናቴ አልጋ ሥር አለ» አለች። «በረኪና በጀመሩበት ዓመት እሱን ብቻ ላክንልዎት፤ ካጠቡት በኋላ ቢጫ ሆነ። በነጠፍነው በወሩ እንደ ደረቀ ሣር እየተሰባበረ መሐሉ ተቀደደ። እናቴ አለቀሰች። አባቴ ግን ‹ማንም ለበርናባስ እንዳይነግረው። አራት ልጅ የሚያሳድግበት እጅ ነው፤ እጁን እንዲጠራጠር አናድርገው› አለን። ሰፈር የቀየርነው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ ምንጣፍ መላክ የተውነው ግን ያኔውኑ ነው።»

«አይደለም» አሉ ጋሽ በርናባስ። «መምህር ሲሸኙኝ ‹ተባረክ› ብለውኛል።»

ሄራን ብርጭቆዎቹን አቀረበችላቸው። የፋብሪካው ክር እንደነበረ አለ። የሱፉ ክር ግን ቢጫ ሆኖ አብጧል፤ በክብሪት እንጨት ስትነካው እንደ አጥሚት ተበተነ። «ሱፍ እንደ ፀጉር ነው» አለች፤ ድምፅዋ በዚያ ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ ብሏል። «በረኪና ይበላዋል። ሲነጣ ያዩት እየሞተ ነው።»

አዛውንቱ ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆዩ። ከዚያ ከኪሳቸው የክሮቹን ጥቅል አወጡና እንደ መቁጠሪያ አንድ በአንድ ማሳለፍ ጀመሩ።

«የነርስ ሸዋንግዛው ቤት፣ ቀይ፣ ሦስት ቋጠሮ። ሱፍ ነበር። ‹ወደ ይርጋለም ተዛውረናል› አሉኝ፤ ገበያ ላይ ግን አያቸዋለሁ። የፓስተራችን ቤት፣ ነጭ፣ አንድ ቋጠሮ። ሱፍ። የሰኢድ ጨርቃ ጨርቅ፣ ሰማያዊ…» ቆሙ። «ባለ ፋብሪካ ምንጣፎቹ ይመለሱ ነበር። የቀሩት ባለ ሱፎቹ ናቸው። ይህ ሁሉ ሰው! አንድ እንኳን የሚነግረኝ ይጥፋ?»

«ወደውዎት ነው።»

«እንዲህ ነው የሚወደደው? ባውቅ ኖሮ የሁለተኛውን ሰው ምንጣፍ ከመበላሸት አተርፍ ነበር።»

አንባቢ ሆይ፣ ያ ዘመን ደግ ዘመን ነበር፤ ማንም አይክደውም። ሰው የጎረቤቱን ጥፋት በጋቢው ሸፍኖ ያልፍ ነበር። ሆኖም ይሉኝታ የሸፈነው ስሕተት አይሞትም፤ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። በደግነት ዝም ያሉት ሁሉ አንድን ታታሪ ሰው ከነስሕተቱ ብቻውን ትተውታል።

«ምዘና የሚጠቅመው ለዚህ ነው» አለች ሄራን። «መዛኙ የሰፈር ሰው አይደለም፤ ቀብር ላይ አያገኝዎትም። ‹ይህን አውቀሃል፣ ይህን አላወቅህም› ይልዎታል፤ እንጀራው ነው። ከዚያ በፊትም አጭር ሥልጠና አለ። የትኛው ሳሙና ለየትኛው ጨርቅ፣ ምን ከምን አይቀላቀልም፣ ጓንት መቼ ይደረጋል። ጫልቱ ጠዋት ሙሉ ስትስል የሰማሁት ለምን ይመስልዎታል?»

«ጉንፋን ነው ብለውኛል» አለች ጫልቱ። «የሁለት ዓመት ጉንፋን።»

ጋሽ በርናባስ ወደ ጫልቱ ዞሩ፤ ሲያዩዋት ቆይተው፣ «ብወድቅስ?» አሉ ቀስ ብለው። «በስድሳ ሦስት ዓመቴ ከልጆች ጋር ተሰልፌ?»

«‹ገና ብቁ አይደሉም› ይባላሉ፤ የጎደለዎትን ተምረው ይመለሳሉ። ‹ገና› ማለት ደግሞ በሩ አልተዘጋም ማለት ነው።»

«እኔ ከኋላዎ እሰለፋለሁ» አለች ጫልቱ። «ከወደቅን ያው አብረን ጎማ እናጥባለን።»

አዛውንቱ ሳቁ፤ ዓይናቸው ግን እርጥብ ነበር። ተነሥተው ባልዲውን ከምንጣፉ አራቁና፣ «በይ መምህርት፣» አሉ፣ «ይህንን በምን እናጥበው?» ቀዝቃዛ ውኃና ለስላሳ ሳሙና አለቻቸው፤ በስሱ፣ ሳይፈተግ፣ ደግሞ ጥላ ላይ የሚሰጣ። ሄራንም ጫማዋን አውልቃ ገባች። ሰዓቷን ያየችው ምንጣፉ ከተሰጣ በኋላ ነው።

ሰኞ ቁልፉ አልተሰጠም። ጋሽ በርናባስና ጫልቱ ሥልጠናውን ገቡ። ጫልቱ በመጀመሪያው ምዘና አለፈች። እሳቸው በተግባር ፈተናው አልፈው በቃል ጥያቄው «ገና» ተባሉ፤ ሦስት ቀን ከቤት አልወጡም፤ በአራተኛው ቀን ጫልቱ ልታስጠናቸው ደብተሯን ይዛ ሄደች። በሁለተኛው ምዘና መዛኙ «የጨርቁን ዓይነት በምን ያውቃሉ?» ሲላቸው ክብሪት አውጥተው ለኮሱ፤ «በረኪናስ?» ሲላቸው «ከሱፍ ጋር አይተዋወቁም» አሉ፤ አለፉም።

የእንግዳ ማረፊያው ውሉን አደሰ፤ ሥራ አስኪያጁ አሁን የሚያየው ማስረጃ አለው። ስማቸውን የማያውቅ አዲስ ነዋሪም በሩ ላይ የተለጠፈውን አንብቦ ይገባል። ጫልቱ ጓንትና ቦት ጫማ አላት፤ ሳሏም ለቋታል። ምንጣፍ ሲገባ ከምን እንደተሠራና ምን ጉዳት እንዳለበት ባለቤቱ ፊት ካርድ ላይ ይጻፋል፤ ስለዚህ የሚያኮርፍም የሚያድበሰብስም የለም። ካርዱ የሚታሰረው ግን ያው በክር ነው፤ ይህንን ሄራንም ልታስተዋቸው አልሞከረችም።

ከሳያት ሠርግ በኋላ ወጥ የፈሰሰበትን ያንኑ ምንጣፍ ጋሽ በርናባስ ራሳቸው አጥበው እቤት ድረስ ይዘው መጡ። ወይዘሮ አለምነሽ ዘርግተው አዩትና እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

«እጅግ ያምራል። ተባረክ፣ በርናባስ።»

«እትዬ አለምነሽ» አሉ ጋሽ በርናባስ ባርኔጣቸውን አውልቀው። «‹ተባረክ›ን ጠግቤዋለሁ። እውነቱን ይንገሩኝ።»

ወይዘሮ አለምነሽ ወደ ሄራን አዩ፤ ከዚያ ግድግዳው ላይ ወደ ተሰቀለው የመምህር ደረሰ ፎቶ። በመጨረሻ ጎንበስ ብለው ጣታቸውን በስተቀኝ ጥግ ላይ አሳረፉ።

«እዚህ ጋ… ወጡ አልለቀቀም።»

ጋሽ በርናባስ ተንበርክከው አዩት። ቀና ሲሉ ፊታቸው ያኔ ሐይቅ ዳር፣ ሄራን አባ ኮዳ ስታባርር ይስቁ እንደነበረው ፈክቶ ነበር። ምንጣፉን ጠቅልለው ትከሻቸው ላይ አደረጉና፣ «ነገ ይመለሳል» ብለው እያፏጩ ወጡ።