መልእክት ካለሽ

ታክሲያችን ቡኢን እንዳለፈ ከፊቴ የተቀመጡት ሽማግሌ ጭናቸው ላይ ያለውን ጥቅልል ነጠላ አጠገባቸው ላለችው ሴት አሳዩዋት።

“መገነዣዬ ነው። ዛሬ እሞታለሁ።”

“በስመ አብ! ምን ሆነው አባባ?”

“ምንም። ፈጣሪዬ ጠራኝ። ትናንት እንኳ እንሰት ስተክል ዋልኩ።”

“ሊሞቱ ነው እንሰት የሚተክሉት?”

“የሚበላውን እሱ ያውቃል። እዚያ ሰማይ ቤት መልእክት የምትልኪለት ሰው አለሽ?”

“ልጄ ባድመ ዘምቶ አልተመለሰም።”

“ስሙን ንገሪኛ።”

“አልነግርዎትም! እሱ እዚያ የለም። እግዜር ይመልስልኛል።”

“አሜን፣ ይመልስልሽ።”

መንገድ ዳር ያለ አንድ ቤተ ክርስቲያን ጋ ስንደርስ ሽማግሌው “ወራጅ አለ” ብለው ወረዱ። ታክሲው ሲንቀሳቀስ ሴትዮዋ በመስኮት ብቅ ብላ ጮኸች።

“አባባ! የክርስትና ስሙ ወልደ ሚካኤል ነው! ፈልገው ይጡት፣ እንዳያገኙት አደራ!”

ቡታጅራ እስክንደርስ የሟች አባቴን የክርስትና ስም ለማስታወስ እሞክር ነበር።